«መጀመሪያ መጠጡን ይተው»

ጎንደር ውስጥ አንድ ወጣት አረቄ ሲያበዛ፣ እንቅልፍ ሲያጣና ከሰው ሲርቅ ቤተሰብ የሚለው አንድ ነው፤ «መጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ ሌላው ይደርሳል።» ማራኪም አዘዞም ብትጠይቁ ይሄንኑ ትሰማላችሁ።

እኔ የምኖርበት አሜሪካም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነበር። ሱስም የአእምሮ ህመምም ያለበትን ሰው የሱስ ክሊኒኩ «አንተ የአእምሮ ህመም አለብህ፣ እዚያ ሂድ» ይለዋል። የአእምሮ ክሊኒኩ ደግሞ «መጠጡን አቁመህ ና» ብሎ ይመልሰዋል። በጀቱም ባለሙያውም ለየብቻ ስለነበር ሰውየው መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። በኋላ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ የስነ አእምሮ ሐኪሙ እነ ሮበርት ድሬክ ሁለቱን በአንድ ቡድን፣ በአንድ ጊዜ ማከምን በጥናት አስፋፉት። ዛሬም ሁሉም ጋ አልደረሰም፣ አቅጣጫው ግን ይሄ ነው።

ደግሞስ የቱ ይቅደም? የተጨነቀ ሰው ለመተኛት ይጠጣል፣ መጠጡ ሲበርድለት ጭንቀቱ ብሶ ይመጣል፣ መልሶ ይጠጣል። ጫቱም እንደዚያው ነው፤ ሲቅም ውሎ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ ይገባል፣ ጫት ያቆመ ዕለት ደግሞ ሌሊቱን ዱካክ ሲያስጨንቀው ያድራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ስለሆነ ድምፅ የሚሰማውን፣ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለውን ሰው ህመም ሊያባብስበት ይችላል።

በጣም የሚያስፈራኝ ግን ቤት ቆልፎ በአንዴ ማስተው ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊጥለው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። ጠበል ቦታ ስትወስዱትም ይሄንን አስቡ። ጠበሉን ተዉ አላልኩም፣ እኔም አምናለሁ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን አታስቁሙት።

ጎንደር ያላት፣ እዚህ አሜሪካ በደሞዝ የሚቀጠርለት ነገር አለ፤ አስታማሚ። ቤቱ ሄዶ መድኃኒቱን ወሰደ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚህ መሥሪያ ቤት ይመድባል። እኛ ጋ እህት ናት፣ አክስት ናት፣ ጎረቤት ነው። የስነ አእምሮ ህክምናውም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ።

እና እባካችሁ፣ ስትወስዱት ነውር ነው ብላችሁ መጠጡንና ጫቱን አትደብቁ። ሐኪሙ ህመሙንም ሱሱንም በዚያው ቀን ይስማ። ዲያዜፓም የመሰለ ማረጋጊያ መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል፣ መጠጡን ያልሰማ ሐኪም በቅን ልቦና የሚጎዳ ነገር ሊያዝ ይችላል።