ስልኬ ሙድ ያዘብኝ

ሰው ሰብሰብ ባለበት የሙዚቃ ወሬ ከተነሳ አፌን ሞልቼ የምናገራት አንዲት ነገር አለችኝ። «የዘንድሮ ፖፕ ለእኔ ጆሮ አይሆንም። ጃዝ ብቻ ነው የምሰማው።» ይህን ስል ድምፄን ትንሽ ወፈር አደርጋለሁ። ጃዝ ቀጭን ድምፅ አይወድም።

ያለፈው ወር ሲያልቅ ስልኬ ሳልጠይቀው ዝርዝር ላከልኝ። «በወሩ በብዛት የሰማሃቸው» ይላል። እየተኩራራሁ ከፈትኩት። አንደኛ የወጣው አዝማቹ ሦስት ቃል ብቻ የሆነ የፖፕ ዘፈን ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ «ኦ» እና «ኦ» ናቸው። 94 ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በ3 ደቂቃ ሳባዛው 4 ሰዓት ከ42 ደቂቃ መጣ። ሰው በዚህ ጊዜ ስንት ቁም ነገር ይሠራል!

ጃዝስ? የለም። አንድ ቀን ከፍቼ 12 ሰከንድ ላይ እንዳቋረጥኩት ትዝ ይለኛል። ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ መተግበሪያ ላይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። በዚህ ሕግ ከሄድን እኔና ጃዝ አንተዋወቅም።

ይቺን 30 ሰከንድ ዘፈን ሠሪዎቹም አሳምረው ያውቋታል። ድሮ ዘፋኙ እስኪገባ ድረስ ሙዚቃው ተንቆርቁሮ ተንቆርቁሮ፣ አንተም ጉሮሮህን ጠርገህ ትጠብቅ ነበር። ዛሬ አዝማቹ በር ላይ ቆሞ ይቀበልሃል። 3 ደቂቃዋ እንኳን የቆየች ናት። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ባለ 10 ኢንች ሸክላ በአንድ ፊቱ ከዚያ ብዙም አይዝም ነበር። ሸክላው ሄደ፤ ልኩ ቀረ።

ግን 94 እንዴት ደረስኩ? በመጀመሪያው ሳምንት ዘፈኑን ስሰማው «ይሄም ዘፈን ተብሎ!» ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጥርሴን እየቦረሽኩ «ኦ» ስል ራሴን ያዝኩት። ሮበርት ዛየንስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ሰው ትርጉም የሌለው ቃል እንኳን ደጋግሞ ሲያጋጥመው እየወደደው እንደሚሄድ አሳይቷል። ትርጉም የሌለው ቃል! ሰውየው የእኔን ዝርዝር ያየ ነው የሚመስለው።

ጀርመኖች ከጭንቅላት አልወጣ ላለ ዜማ «የጆሮ ትል» የሚል ስም አላቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዙ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማስቲካ ማኘክ ትሉን እንደሚያዳክመው ጽፈዋል። ሞከርኩት። በዘፈኑ ምት አኘክሁ።

የከፋው ሦስተኛው ሳምንት ነው። በዚህ ሳምንት የወደዱትን ለብቻ መስማት አይቻልም፤ ሰው መያዝ አለበት። ጓደኛዬን ያዝኩት። አንዱን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰካሁለትና ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ዓይን ዓይኑን አየው ጀመር። ምስኪን፣ ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለበት ጨንቆታል። አንድ ነገር ሊናገር ሲል ክንዱን ጨበጥኩት። «ቆይ፣ ቆይ! አሁን ይመጣል!» መጣ። እኔ ቅንድቤን ሰቅዬ እየጠበቅኩ ነው። እሱ ማዳመጫውን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረግ ጠረግ አደረገና መለሰልኝ።

«ጥሩ ነው።»

ከዚህ የሚበልጥ ስድብ እስካሁን አልተፈጠረም። «ይደብራል» ቢለኝ እንከራከር ነበር። «ጥሩ ነው» ግን ልቅሶ ቤት የሚባል ነገር ነው። እሱም እንዳኮረፍኩ ገብቶት በበኩሉ «አንተም ይሄን ስማልኝ» ብሎ የራሱን ዘፈን ላከልኝ። ለወጉ ያህል ከፈትኩለት። በሳምንቱ ደግሞ የእኔን «ኦ» እያፏጨ መጥቶ «ይቺን ሰምተሃታል?» አይለኝም!

በአራተኛው ሳምንት ፍቅሩ አለቀ። መቼ እንዳለቀ እንኳን አላውቅም። አሁን ዝርዝሩን ይዤ ያን አንደኛውን ስከፍተው አዝማቹ ሳይደርስ ዘለልኩት። ከወር በፊት «የሕይወቴ ዘፈን» ብዬ የማልኩለት ነው እኮ! ሁለተኛው፣ ሦስተኛው... ያው ናቸው። ሌሎቹን እንለፋቸው።

አራተኛው ላይ ቆምኩ። ስሙን ሳየው ማን እንደሰጠኝ ጠፋኝ። 31 ጊዜ ይላል። ከፈትኩት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግጥሙን በቃሌ እወጣዋለሁ። የጓደኛዬ ዘፈን ነው። ደገምኩት። ሦስተኛውን ዙር ስጀምር ስልኩ ጠራ፤ ራሱ ነው።

«ስማ፣ ያን የላክሁልህን ዘፈን ሰማኸው?»

ሙዚቃውን ቶሎ ብዬ ዘጋሁና ድምፄን ወፈር አደረግኩ።

«አዎ። ጥሩ ነው።»