አንድ ስልክ መደወል ይህን ያህል ይከብዳል?

ብሶቴን ላውራ። ረዘም ይላል። ውሻ ያላችሁ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ዳማ አራት ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጣንላት በመልኳ ነው። ሥራ ስውል ቤት ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ የዛሬ ሰባት ወር የውሻ ዴይኬር፣ የቀን ማቆያ ማለት ነው፣ አስገባኋት። ጠዋት አድርሻት ማታ እወስዳታለሁ። ሳስመዘግባት አራት ገጽ ፎርም ሞላሁ። የምትበላውን፣ የምትፈራውን፣ የሐኪሟን ስልክ ሁሉ ጻፍኩ። የክትባት ካርዷን ኮፒ አያያዝኩ። «ድንገተኛ ነገር ቢፈጠር የሚደወልላቸው» ከሚለው ሥር ሁለት የራሴን፣ አንድ የእህቴን ቁጥር አስቀመጥኩ። ሦስት ስልክ ቁጥር። ይህን ያዙልኝ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ማታ ልወስዳት ስሄድ ዳማ ርሳ ጠበቀችኝ። ሻምፑ ሻምፑ ትሸታለች። «ጭቃ ላይ ስትንከባለል ነበር፣ አጠብናት። ክፍያ የለውም» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ያቺን «አመሰግናለሁ» ባስታወስኩ ቁጥር አንጀቴ ያራል።

ቤት ስንደርስ ደረጃው ሥር ቆመች። ሁልጊዜ ቀድማኝ ወጥታ በሩን የምትቧጥጥ ውሻ ቆማ ታየኛለች። ደክሟት ነው ብዬ ተሸክሜ አስገባኋት። ራቷን አሸተተችና ተወችው። ረቡዕ ቤት አስቀረኋት፣ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች። ውሻ ደግሞ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ የሚይዝ ፍጡር ነው። ካልባሰበት በቀር አያሳይህም። ሐሙስ ማታ ትከሻዋን ሳሻሽ ጣቴ ከጸጉሩ ሥር የደረቀ ነገር ነካ። ዳማ ጮኸች። አብረን ስንኖር እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

በነጋታው ሐኪም ጋ በረርኩ። ሙቀቷ 40 ገብቷል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ 39 ግድም ነው። ማደንዘዣ ተሰጥቷት ትከሻዋ ተላጨ። ሁለት ቀዳዳ ታየ። የእስክሪብቶ ጫፍ ቢያክል ነው። «ይህችው ናት?» አልኩ፣ እፎይ ልል ምንም አልቀረኝም። ሐኪሙ መልስ ሳይሰጠኝ ቀጭን ብረት አንስቶ ወደ አንደኛው ቀዳዳ አስገባ። ብረቱ ከቆዳዋ ሥር ገባ። ገባ። ገባ። የመሃል ጣቴን ያህል ገብቶ ነው የቆመው። ሲጫነው መግል ወጣ። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ሐኪሙ የነገረኝን ልንገራችሁ፣ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል። የውሻ ቆዳ ልል ነው፣ ይሳባል። ሌላ ውሻ ነክሶ ሲነቀንቀው ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል፣ ከሥር ግን ቆዳው ከጡንቻው ይላቀቃል። የነካሹ አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ እዚያ ባዶ ቦታ ይገባል። ቀዳዳዋ በቀን በሁለት ቀን ትዘጋለች፣ ባክቴሪያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የውሻ ንክሻ በላዩ መጠን አይለካም። በሰዓታት ውስጥ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ቁስሉ በደንብ ታጥቦ መድኃኒት ቢጀመር ብዙ ጊዜ በቀላሉ ያልፋል። ዳማ የደረሰችው በሦስተኛው ቀን ነው። የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አወጡ። መግሉ እንዲፈስ የላስቲክ ቱቦ ከቆዳዋ ሥር አሳልፈው ሰፉላት። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የፕላስቲክ ቀፎ አጠለቁላት።

«መቼ ነው የተነከሰችው?» ብሎ ሐኪሙ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። የገዛ ውሻዬ ምን እንደሆነች አላውቅም። ሻምፑው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አጥበዋታል። ደሙን አጥበውታል።

ደወልኩ። ኃላፊው በመጀመሪያ «እኛ ጋ ምንም አልተፈጠረም፣ ቤት ሆና ይሆናል» አለኝ። ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ የለም አልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱ መልሶ ደወለና «ትንሽ ጨዋታ ነበር፣ ውሾች ሲጫወቱ ይነካከሳሉ» አለ። ሐኪሙ ያነሳውን የቁስሏን ፎቶ ስልክለት ደግሞ ሦስተኛ መልስ መጣ። «ውሉ ላይ ፈርመዋል እኮ!»

በአንድ ቀን ሦስት መልስ። የመጀመሪያው እውነት ከነበረ ሁለተኛው ከየት መጣ?

የማክሰኞን የካሜራ ቅጂ አሳዩኝ አልኩ። «በዚያ ቀን ካሜራው አልሠራም።» ሲያስመዘግቡን በካሜራ እንደሚጠብቁልን ነበር የነገሩን።

አዎ፣ ፈርሜያለሁ። ውሉን አውጥቼ አነበብኩት። «ውሾች እርስ በርስ ሲጫወቱ ለሚደርስ ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። እሺ፣ ይሁን። ውሻ ከውሻ ጋር ሲውል ሊነከስ እንደሚችል አውቄ ነው የፈረምኩት። ሕፃን ልጅም ከልጆች ጋር ሲውል ተቧጭሮ ይመጣል። ግን ተነክሳ ስትደማ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ደብቃችሁ አስረክቡኝ ብዬ የፈረምኩበት ገጽ የታል? አሳዩኝ! የተናደድኩት ተነከሰች ብዬ ብቻ አይደለም። ሦስት ስልክ ቁጥር ይዛችሁ አንዱን ስላልነካችሁት ነው።

ቀጥሎ የጠየቅኩት ደግሞ ቀልድ የሌለበት ነገር ነበር። የነከሳት ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አለው ወይ? ይህ የማይረባ ጥያቄ ነው? በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ፣ ውሻም ሆነ ሰው፣ ይድናል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም ማለት ይቀላል። እኔ ቁስሉን በባዶ እጄ ነክቻለሁ። የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ክትትል የሚደረግበት ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚያን ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ የትኛው ውሻ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። የተሰጠኝ መልስ «የደንበኞቻችንን ምስጢር አሳልፈን አንሰጥም» የሚል ነው። ስሙን አትንገሩኝ፣ የክትባት ካርዱን ብቻ ስሙን ሸፍናችሁ አሳዩኝ አልኩ። ዝም።

ደሜ ፈላ። የማቆያው የውሻ ባለቤቶች ግሩፕ ላይ የትከሻዋን ፎቶ ለጠፍኩና «ማክሰኞ ዕለት ምን እንደተፈጠረ የሚያውቅ አለ?» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ደቂቃ አልቆየም። ጽሑፌም ጠፋ፣ እኔም ከግሩፑ ተባረርኩ። ሃያ ደቂቃዋ ግን በቂ ነበረች። በውስጥ መስመር መልእክት መጉረፍ ጀመረ።

አንዷ የጻፈችልኝን ሳነብ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ባለፈው ውሻዋ ሲያስለው፣ እንደ ዝይ እየጮኸ ነጭ አረፋ እየተፋ፣ ማቆያውን ጠይቃ ነበር። «ጉንፋን ይሆናል» አሏት። ሐኪሙ ኬነል ከፍ ነው አላት። አንድ ላይ በሚውሉ ውሾች መሃል በትንፋሽና በመጠጫ ሳህን የሚዛመተው ሳል ማለት ነው። በሽታው ከገባ በኋላ ከሁለት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። የአንዱ ሳል በታወቀ ቀን ለሁላችንም ቢነገረን ሌሎቹን ቤት እናስቀር ነበር። እሷ አሳወቀቻቸው። እነሱ ለእኛ አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ የሳሉትን ውሾች እኛው ተደዋውለን ስንቆጥር ስድስት ሆኑ።

ማታ ላይ ደግሞ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «ልጄ፣ የኔ ውሻ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ።

ምን እንደምል ጠፋኝ። ሳስበው የነበረው ሰው ሌላ ነበር። ነካሽ ውሻ ይዞ የሚዞር፣ ግድ የሌለው ሰው ነበር በጭንቅላቴ የሣልኩት። እኚህ ሰውዬ ግን ሲያስመዘግቡ ፎርሙ ላይ በእጃቸው ጽፈው ነበር። ውሻው አርጅቷል፣ ዳሌውን ያመዋል፣ ሳህኑ አጠገብ ሌላ ውሻ ሲመጣበት አይወድም፣ ለብቻው ይመገብ ብለው። የጻፉትን ፎቶ አንስተው ይዘውታል፣ ላኩልኝ። ማክሰኞ ማታ ሲወስዱት አፉ ዳር ደም አይተው ሲጠይቁ «ድዱ ደምቶ ነው» ተባሉ። ድዱን ሊያሳዩ ሐኪም ጋ ወስደውታል። ድዱ ምንም አልሆነም።

የክትባት ካርዱን እኔ ሳልጠይቃቸው ላኩልኝ። ጊዜው ያላለፈበት፣ ማህተም ያለበት። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አራት ቀን ሙሉ ያስጨነቀኝን ነገር እኚህ ሰው በአንድ ፎቶ ገላገሉኝ። ማቆያው ይህን ፎቶ ፋይሉ ውስጥ ይዞት ነበር እኮ!

እና ማን ላይ ልናደድ? ውሻው ላይ? የሚያመው አሮጌ ውሻ ነው፣ ምግቡን ጠበቀ። ሌሎች ብዙ ውሾች መሃል ባያስቀምጡት አይነክስም ነበር። እዚያ የሚሠራው ልጅ ላይም አይደለም። በዕለቱ ወደ ግሩፑ የላኩትን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ውሾቹን ቆጠርኩ፣ ሃያ ሦስት ናቸው። ትልቁም ትንሹም አንድ ግቢ ውስጥ ተደባልቋል። ሰው የሚታየው አንድ ልጅ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ለአንድ ጠባቂ ከ10 እስከ 15 ውሻ ይበቃዋል ይላሉ፣ ያውም የሚስማሙ ከሆኑ። ልጁ ምን ያድርግ? ስንቱን ይመልከት? አንዱን ሲያጸዳ ሌላው ይጣላል። ማታ ዳማን ሲያስረክበኝ ቀና ብሎ አላየኝም ነበር። ምን ተብሎ እንደታዘዘ እገምታለሁ።

ያ ፎቶ ሌላም ነገር አለው። ከሥሩ «ዛሬ ሁሉም ደስ ብሏቸው እየዋሉ ነው» ይላል። ዳማ ግራ ጥግ ላይ ናት። ጅራቷ እግሮቿ መሃል ገብቷል፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጥፏል፣ የዓይኗ ነጩ ይታያል። የፈራ ውሻ እንዲህ ነው የሚሆነው። በሥራ መሃል ስልኬን ከፍቼ ሳላስተውል ልብ ልኬበት ነበር። ውሻ ጠባቂ ነኝ የሚል ድርጅት ግን ፎቶውን ሲያነሳ ይህን ማየት ነበረበት። ሙያው እኮ ይሄው ነው!

ከሳምንት በኋላ ኃላፊው ሊታረቀኝ ፈለገ። «ሦስት ቀን በነጻ እናውልልዎት፣ እርስዎም ነገሩን ይተዉት» አለኝ። ሦስት ቀን በነጻ፣ እዚያው ግቢ! የከፈልኩት የወሩ ቀሪ ሂሳብ ይመለስልኝ ብል «የተከፈለ አይመለስም»። የሕክምናውን ወጪ ብጠይቅ «ፈርመዋል»። ይቅርታ የምትል ቃል ግን ከአፉ አልወጣችም። ከአንገት በላይ እንኳ።

አሁን ዘጠኝ ባለቤቶች ሆነናል፣ እኚያ ሰውዬም አብረውን አሉ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈን ፈርመን ሰጥተናል። የሕክምናው ወጪ ይተካ፣ ያልተዋለበት ቀን ክፍያ ይመለስ ብለናል። ከሁሉ በላይ የጠየቅነው ግን ወጪ የማያስወጣ ነገር ነው። ውሻ ሲነከስ፣ ሲነክስ፣ ሲያስል፣ ሲወድቅ በዚያው ሰዓት ለባለቤቱ ይደወል። ማታ ስንረከብ ቀኑን የተፈጠረው በጽሑፍ ይሰጠን። እምቢ ካሉ ሰነዳችንን ይዘን ወደ ሕግ እንሄዳለን። የሐኪም ማስረጃ፣ ስክሪንሾት፣ ፎርሙ፣ ሁሉም እጃችን ላይ አለ።

ውሻችሁን ዛሬ ማታ ስትረከቡ እቤት ከመግባታችሁ በፊት ጸጉሩን ከፍታችሁ በጣታችሁ ዳስሱት። አንገቱን፣ ትከሻውን፣ የብብቱን ሥር፣ የእግሮቹን መሃል። ሳትጠይቁ ታጥቦ ከጠበቃችሁ ደግሞ ለምን እንደታጠበ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።

የዳማ ቱቦ ከትናንት ወዲያ ወጣላት። ጸጉሯ ገና አልበቀለም፣ በዚያ ጎኗም አትተኛም። ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ፣ እኚያ ሰውዬ ናቸው። «ልጄ፣ ዳማ እንዴት ዋለች? በላች?» አሉኝ። በልታለች አልኳቸው። ከማቆያው እስከ ዛሬ ድረስ እንዴት ዋለች ብሎ የደወለልኝ የለም።