ብዙ ዓሣ መያዙ የባሕሩን ደኅንነት አያሳይም

በሞቃት የባሕር ዳርቻዎች በየሳምንቱ የሚወጡ የዓሣ ማስገር ሁኔታ መግለጫዎች ተመሳሳይ መልክ አላቸው። የትኛው ዓሣ እየተያዘ እንደሆነ፣ በየትኛው ወሽመጥ ወይም ድልድይ ሥር እንደሚገኝ፣ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ በመንጠቆው ላይም ምን ቢሰካ እንደሚሻል ይነግሩናል። የውኃው ሙቀት አልፎ አልፎ በጨረፍታ ይጠቀሳል፤ በውኃው ውስጥ ስላለው ኦክስጅን ግን የሚያነሣ እምብዛም የለም። በመሆኑም ዓሣ በገፍ ከተያዘ ሁኔታው ጥሩ፣ ካልተያዘ ደግሞ መጥፎ ተብሎ ይዘጋል። ይህ መለኪያ በሙቀት ወራት አሳሳች ነው ባይ ነኝ፤ በሞቀ ውኃ ውስጥ ዓሣ በአንድ ሥፍራ ተጨናንቆ መገኘቱ የጥጋብ ሳይሆን የጭንቀት ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ነገሩ የሚጀምረው ከውኃው ባሕርይ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ከአየር ተቀብሎ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 7.4 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ በ30 ዲግሪ ወደ 6.2 ይወርዳል። አብዛኛው ዓሣ ደግሞ የሰውነቱ ሙቀት ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ ውኃው በሞቀ ቁጥር የኦክስጅን ፍላጎቱ ይጨምራል። በዚህ ላይ የሌሊቱ ጣጣ አለ፤ የባሕር ሣርና አልጌ ፀሐይ ሳለች ኦክስጅን ቢያመነጩም፣ ከመሸ በኋላ ራሳቸውም ተጠቃሚዎች ስለሚሆኑ፣ ጥልቀት በሌለው ሣራማ ወሽመጥ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። «በሙቀት ወራት ጎሕ ሲቀድ ውጡ» የሚለው የተለመደ ምክር ለአጥማጁ የሚመች ቢሆንም፣ ለዓሣው ሁልጊዜ እፎይታ አይደለም።

በአሜሪካ የአላባማ ግዛት የሚገኘውን የሞቢል ወሽመጥ እንመልከት። በወሽመጡ ምሥራቃዊ ዳርቻ በአንዳንድ የበጋ ሌሊቶች፣ በአብዛኛው ከንጋት በፊት፣ ጠፍጣፋ ዓሣዎች፣ ሸርጣኖችና ሽሪምፖች ከጥልቁ ወጥተው ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ይከማቻሉ። የአካባቢው ሰው «ጁብሊ» ይለዋል። ወሬው እንደተሰማ ጎረቤት ጎረቤቱን እየቀሰቀሰ፣ መብራትና ባልዲ ይዞ ይወርድና፣ በሌላ ቀን ብዙ ሰዓት ጠብቆ የማያገኘውን እንደ ልቡ ይለቅማል። ዓሣው ሰው ሲቀርበው እንኳን ለመሸሽ አቅም የለውም፤ ሸርጣኑም ውኃው ውስጥ በቆመ ምሰሶ ላይ ተንጠላጥሎ ይገኛል። የማስገር ሁኔታ መግለጫ የሚጽፍ ሰው በዚያ ሌሊት ቢገኝ «እጅግ በጣም ጥሩ» ከማለት ወደኋላ የሚል አይመስለኝም። የሆነው ግን በወሽመጡ ወለል ላይ የተኛው ጨዋማና ከባድ ውኃ፣ በሚበሰብስ የዕፅዋት ቅሪት ሳቢያ ኦክስጅኑ ተሟጥጦ፣ ቀለል ያለ የምሥራቅ ነፋስ የላዩን ውኃ ከዳርቻው ሲያርቀውና ባሕሩ ሲሞላ ወደ ዳር መምጣቱ ነው። እንስሳቱ ከፊቱ ሲሸሹ ቆይተው መሬት ገታቸው።

በፔሩ የባሕር ጠረፍ ደግሞ ስሕተቱ አገር አቀፍ ኪሳራ አስከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1972 ኤል ኒኞ የተባለው የውቅያኖስ መሞቅ ክስተት ሞቃት ውኃ ሲያመጣ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የሚወደው አንቾቬታ የተባለው ትንሽ ዓሣ በጠረፉ ጥግ በቀሩት ቀዝቃዛ ኪሶች ውስጥ ተጠጋግቶ ነበር፤ መርከቦቹም በቀላሉ እየሞሉ ይመለሱ ጀመር። አስቀድሞ በመጠን አልባ ማስገር የተዳከመው ሀብት ይህን አልቻለም። በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ የነበረው ምርት በ1973 ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ወረደ።

ዓሣውን ይዞ መልሶ የሚለቀው አጥማጅ ይህ እኔን አይመለከተኝም ሊል ይችላል። ይመለከተዋል። በሞቀ ውኃ ረጅም ጊዜ ታግሎ የተያዘ ዓሣ ቢለቀቅም እንኳ የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል፤ ለፎቶግራፍ ተብሎ አየር ላይ ሲቆይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በፍሎሪዳ ከ40 ኢንች በላይ የሆነ ታርፐን የተባለ ትልቅ ዓሣ ተይዞ በሚለቀቅበት ጊዜ ከውኃ እንዳይወጣ የተደነገገውም ትልልቆቹን ከዚህ ዓይነት ጉዳት ለማዳን ነው። ታርፐን አየር ከላይ እየጎረሰ መተንፈስ የሚችል ዓሣ በመሆኑ ከሌሎቹ ይልቅ ኦክስጅን ያነሰውን ውኃ ይቋቋማል። አጥማጆች በውኃው ገጽ ላይ ሲገለባበጥ ባዩ ጊዜ ደስ ይላቸዋል፤ ያ መገለባበጥ ግን አንዳንድ ጊዜ ትንፋሽ ፍለጋ መሆኑን መግለጫዎቹ አይነግሯቸውም።

እርግጥ መግለጫዎቹን የሚጽፉት በአብዛኛው በጀልባ አስጎብኝነትና በማጥመጃ ዕቃ ሽያጭ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው፤ ደንበኛ የሚያሸሽ ነገር እንዲጽፉ መጠበቅ ይከብዳል። ይሁን እንጂ ደንበኛውን ይበልጥ የሚያሸሸው የዓሣው መጥፋት ነው። ካሬኒያ ብሬቪስ በተባለው መርዛማ አልጌ የሚከሰተው ቀይ ማዕበል እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ የፍሎሪዳን ምዕራባዊ ጠረፍ ሲያጠቃ፣ ባለሥልጣናቱ በተጎዱት አካባቢዎች ስኑክና ሬድፊሽ የተባሉት ዓሣዎች ተይዘው እንዲለቀቁ እንጂ እንዳይወሰዱ አዘው ነበር። እንዲህ ያለ እገዳ ሲመጣ ከሁሉ ቀድመው የሚጎዱት እነዚሁ አስጎብኝዎች ናቸው።

መረጃው ደግሞ ከቅርብ ይገኛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የባሕር ከፍታ መለኪያ ጣቢያዎች፣ ብዙዎቹ የውኃ ሙቀትንም ጨምረው፣ በየ6 ደቂቃው ንባብ ያወጣሉ፤ ማንም በነጻ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 በደቡብ ፍሎሪዳ ማናቲ ወሽመጥ ያለ መለኪያ 38.4 ዲግሪ ሴልሺየስ የመዘገበው ጥልቀት በሌለውና በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ነበር፤ የዳርቻ ዓሣ የሚጠመደውም ይህን በመሰለ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ስለዚህ መግለጫው ከዓሣው ዝርዝር በፊት የንጋቱን የውኃ ሙቀት፣ ሌሊቱን ነፋስ መኖር አለመኖሩን፣ ባሕሩም በየትኛው ሰዓት በደንብ እንደሚንቀሳቀስ ያስቀድም። ውኃው ሌሊቱን ሁሉ ከ30 ዲግሪ ሳይወርድ ነፋስም ሳይኖር ካደረ፣ ጸሐፊው ሣራማውን ወሽመጥ ትቶ ጥልቀትና ፍሰት ወዳለው መተላለፊያ እንዲሄዱ፣ ጠንካራ ክር ተጠቅመው ትግሉን እንዲያሳጥሩ፣ ዓሣውንም ከውኃ ሳያወጡ መንጠቆውን እንዲነቅሉ ይንገራቸው።