ማዘር፣ ጊዜው ሳያልፍበት!

ለገሀር አካባቢ ካሉት ባንኮች አንዱ ውስጥ ረፋዱን የተቀመጠ ሰው ይህን ማየቱ አይቀርም። አንዲት እናት የስልክ ባንኪንግ ሊያስከፍቱ መጥተዋል። ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ በመልእክት ገባላቸው። አነበቡት፤ ወደ አፑ ተመለሱ፤ ሦስቱን ቁጥር ነኩ። ይሄኔ ወጣቱ ሠራተኛ «ማዘር፣ መታወቂያ ይዘዋል?» አላቸው። ከላይ ድምፅ ማጉያው «ቁጥር 84፣ መስኮት 6» ይላል። የቀሩት ሦስቱ ጠፉ። ኮዱም ጊዜው አለፈበት። ከኋላቸው የቆመው ደግሞ «አይ እርጅና!» ብሎ ይፈርዳል።

ፍርዱ ትንሽ ተቻኮለ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው ለአፍታ በአእምሮው የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር ነው ብሎ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሌላው ተመራማሪ ኔልሰን ኮዋን፣ ሰው በልቡ እየደጋገመ ወይም እያቧደነ ካልያዘው፣ ቁጥሩን ወደ አራት አወረደው። የአምስት ዓመት ልጅ አራት ያህል አሃዝ ሰምቶ ይደግማል፤ ሲጎለምስ ሰባት ገደማ ይደርሳል። ጤነኛ አዛውንትስ? ሰምቶ መድገሙ ላይ ከጎልማሳው ብዙም አይርቁም። የሚከብዳቸው ቁጥሩን በአእምሮ ይዞ ሌላ ነገር መሥራት ነው። በዕድሜ የአእምሮ ፍጥነት ይቀንሳል፤ የማይፈለገውን ድምፅ ገፍቶ ማለፍም ያስቸግራል። በተለይ ቁጥር በቁጥር ላይ ሲመጣ። እስቲ እናንተም አንድ ስልክ ቁጥር እያሰባችሁ ያንን ድምፅ ማጉያ ስሙት!

እኚሁ እናት መደበኛ ስልክ ባለ ስድስት አሃዝ በነበረበት ዘመን የቤታቸው ቁጥር ስንት እንደነበር ብትጠይቋቸው፣ ሳይደናቀፉ ያወርዱላችኋል። ያ ሌላ ጓዳ ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ የቆየ ትውስታ ነው።

ሁሉም መርሳት የዕድሜ ነው ማለቴ አይደለም። የለመዱት ሰፈር መንገድ የሚጠፋባቸው፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው የሚጠይቁ ከሆነ ሐኪም ይያቸው። ባንኩ ውስጥ ያየነው ግን ሐኪም አያስፈልገውም። ብዙ ሰው ስልኩን ከእጃቸው ነጥቆ ራሱ ይሞላላቸዋል፤ ኮድዎን ለማንም አይስጡ የሚል ማስታወቂያ በየቦታው እየተለጠፈ! ይልቅ እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት ስጧቸው። ራሳቸው ሦስት ሦስት አድርገው ይጻፉት። ኮዱ የሚቆይበትንም ጊዜ ባንኮቹ ትንሽ ቢያራዝሙት ጥሩ ነው። የመታወቂያው ጥያቄ ደግሞ ኮዱ ከገባ በኋላ ይድረስ።