የዶርሙን የጋራ ክፍል አትንኩ

ሰሞኑን አንድ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ በስብሰባ ላይ የተናገሩት ነገር አናዶኛል። በአንዳንድ ዶርሞች ፎቅ ላይ ያለው የጋራ ክፍል ወደ መኝታ ሊቀየር ነው። ምክንያቱ የአልጋ እጥረት ነው። እስከዚህ ድረስ ይገባኛል፤ እጥረቱ እውነት ነው። ኃላፊው ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። የዘንድሮ ተማሪ ስልኩ ላይ ነው የሚውለው፣ የሚገናኘውም በቴሌግራም ነው፣ መሰብሰቢያ አያስፈልገውም ብለው ጨመሩበት።

ይሄ ክርክር አይደለም፣ ማሳበቢያ ነው። ተማሪው አልጋው ላይ ወጥቶ ስልኩን ሲጎረጉር የሚውለው ብዙ ቦታ ሌላ መቀመጫ ስለሌለው ነው። ወንበር ነፍገውት ሲያበቁ ተኝቶ ዋለ ብሎ መክሰስ ምን የሚሉት ነገር ነው? የቴሌግራም ግሩፑም ቢሆን የሚያገናኘው ቀድሞ የሚተዋወቁትን ነው። የአንድ አገር ልጆች፣ የአንድ ሃይስኩል ልጆች። ፊት ለፊት ካለው በር የሚወጣውን ልጅ ማን ግሩፑ ውስጥ ያስገባዋል?

እስቲ አንዱ ዶርም ግቡና እዩ። ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ ሎከር፣ መሃል ላይ ሁለት ሰው የማያሳልፍ መተላለፊያ። የታችኛው አልጋ በአንሶላ ወይም በነጠላ ተጋርዷል። ውስጡ ያለው ልጅ ለጥቂት ሰዓት ብቻውን መሆን ፈልጎ ነው። አንዱ ሊያጠና ሲል ሌላው መብራት አጥፉ ይላል፤ ሦስተኛው እንግዳ ይዞ ይመጣል። ቡና ላፍላ ያለ ደግሞ ከዶርሙ ተቆጣጣሪ ከፕሮክተሩ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ሁሉም ከክፍሉ ይሸሻል። ሸሽቶስ የት ይሄዳል?

ወደ መሰሎቹ ነዋ። ኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ አለው። ፕሮቴስታንቱ ፌሎሺፕ አለው። ሙስሊሙ ጀመዓ አለው። አንድ ቋንቋ የሚናገሩትም ላውንጁ አካባቢ የለመዷት ጥግ አለቻቸው። እነዚህን አልወቅስም፤ ስንቱን ፍሬሽ፣ አዲስ ገቢ ተማሪ፣ ከናፍቆትና ከብቸኝነት ያወጡት እነሱ ናቸው። የምወቅሰው ዩኒቨርሲቲውን ነው። ልጆቹ ከአራቱም ማዕዘን ተመድበው ይመጡለታል። ዶርም ሲደለደል ደግሞ ብዙ ቦታ በስም ፊደል ተራ ነው። አብዲ፣ አበበና አብዱልከሪም አንድ ክፍል ይደርሳቸዋል። ይህች አገር ልጆቿን እንዲህ አቀላቅላ የምታስተኛበት ሌላ ቦታ የት አላት? ግን ብዙ ዶርም ውስጥ ሦስቱ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት አንድ ጠረጴዛ እንኳ የለም። ማታ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ ሲነጋ እያንዳንዱ ወደ መሰሎቹ ይበተናል። አራት ዓመት እንዲህ ያልፋል።

በጥቅምት 2012 መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 2 ተማሪዎች ተገደሉ። ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎችም ተዛመተ። በዚያ ዓመት የተሞከረውን እናስታውሳለን፤ ተማሪና ወላጅ ውል ፈረሙ፣ ፌዴራል ፖሊስ ግቢ ገባ፣ ፍተሻ ጠበቀ። ተማሪው የጎረቤቱን ስም እንዲያውቅ የተደረገ ነገር ግን አላየሁም። አብረኸው ሻይ የጠጣኸው ልጅ በር ላይ በሌሊት ዱላ ይዘህ አትቆምም። ኮሪደሩ ማዶ ያለው ልጅ «እነሱ» ከሚለው በቀር ስም ሲያጣ ነው አንድ ወሬ ግቢውን በሙሉ የሚያቃጥለው። መሰብሰቢያ ካለ ረብሻ ይጠነሰሳል የሚሉም አሉ። መሰብሰቢያ በሌለበትስ ረብሻ መቼ ቀረ?

በ1990ዎቹ ማብቂያ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በጀርመኑ የልማት ድርጅት በጂቲዜድ በኩል ሲገነቡ የነበረው ጥድፊያ ይገባኛል። ቶሎ ተሠርቶ ቶሎ ተማሪ መቀበል ነበረበት። ዛሬም ግን አዲስ ብሎክ ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣው የአልጋ ብዛት ነው። ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ በር፣ ጫፍ ላይ ሽንት ቤት፣ አለቀ። ተማሪዎች የሚተዋወቁት ውሃ መጣ ተብሎ ጀሪካን ይዘው ሲሰለፉ ነው።

የተሻለ ለመሥራት የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። አንድ መወጣጫ ደረጃ የሚጋሩት ክፍሎች ጥቂት ይሁኑ፤ ያኔ ሰው በመልክ ይተዋወቃል። የጋራ ክፍሉ ኮሪደር ጫፍ ላይ ሳይሆን ደረጃው አጠገብ ይሁን። ወጪ ወራጁ ማን እንዳለ አይቶ ጎራ እንዲል በሩ መስታወት ይኑረው። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ይሁን፤ ሰመራ ላይ ጥላ ያለው በረንዳ ይበልጣል። ቡና የሚፈላበት ጥግም ይፈቀድ። ጀበና ካለ ጥሪ አያስፈልግም።

አልጋ ጠፋ ነው? በየግቢው የተሰበረ አልጋና ሎከር የታጨቀባቸው፣ ቁልፋቸው ማን ጋ እንዳለ እንኳ የማይታወቅ ክፍሎች አሉ። መጀመሪያ እነሱ ተቆጥረው ይጸዱ። ካልበቁ አዲስ ብሎክ ይሠራ። የዶርሙ ነዋሪዎች ሳይጠየቁ ግን ይህ ዕቅድ መጽደቅ የለበትም።