ዶም ፔሪኞን አረፋን ሲሸሽ የኖረ ሰው ነው

ስለ ሻምፓኝ ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ግን «ሻምፓኝን የፈጠረው መነኩሴው ዶም ፔሪኞን ነው» የሚለው ላይ አልስማማም። ሰውዬው እ.ኤ.አ. ከ1668 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1715 ድረስ፣ በፈረንሳይ ሻምፓኝ አውራጃ በሚገኘው በኦቪሌ ገዳም የወይን ጠጅ ጓዳ ኃላፊ ነበር። በእሱ ዘመን አረፋ ጣጣ እንጂ ጌጥ አልነበረም። የአውራጃው የክረምት ብርድ ብርቱ ነው፤ እርሾው ስኳሩን ሳይጨርስ ይተኛል። ሙቀት ሲመጣ ይነቃና ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ይፈላል። ጋዙ መውጫ ሲያጣስ? ጠርሙሱ ይፈነዳል! መነኩሴው የሚታገለው ይህን ለማስቀረት ነበር።

እንዲያውም እንግሊዛዊው ሐኪም ክሪስቶፈር ሜሬት ስኳር እየጨመሩ ወይንን አረፋማ ስለማድረግ ለንደን ላይ ጽሑፍ ያቀረበው በ1662 ነው። ፔሪኞን ያኔ ጓዳውን ገና አልተረከበም።

የእሱ እውነተኛ ሙያ ሌላ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከአረፋው ይበልጣል። ከተለያየ ማሳ የመጣውን የወይን ፍሬ ገና ሳይጨመቅ ያዋህድ ነበር። ከጥቁር የወይን ፍሬም ጥርት ያለ ነጭ የወይን ጠጅ ያወጣ ነበር። ፍሬውን ቶሎና በስሱ ከጨመቁት ልጣጩ ቀለም አይለቅም።

ሻምፓኝ ሲቀምስ «ከዋክብትን እየጠጣሁ ነው» አለ የሚባለውማ እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ የማስታወቂያ ወሬ ነው። ይህቺን የፈጣሪነት ነገር ብታስተካክሏት ጥሩ ነው።