ማስተካከያ፦ የካንቫስ ፍሬም ከ0 ነው የሚቆጠረው

የቆየ የፍላሽ አኒሜሽንን ወደ ኤችቲኤምኤል5 ካንቫስ (ድረ ገጽ ላይ በኮድ ምስል የሚሳልበት ቦታ) ስለመቀየር ቀደም ሲል በጻፍኩት ላይ «ጎቱ-አንድ-ስቶፕ ውስጥ ያለውን የፍሬም ቁጥር እንዳለ ተዉት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጎቱ-አንድ-ስቶፕ አኒሜሽኑ ወደ አንድ ፍሬም፣ ማለትም ከተከታታይ ምስሎቹ ወደ አንዱ፣ ሄዶ እንዲቆም የሚያደርግ ትእዛዝ ነው።

በፍላሽ የፕሮግራም ቋንቋ በአክሽንስክሪፕት የመጀመሪያው ፍሬም 1 ነው። የፍላሽ ተተኪ የሆነው አዶቢ አኒሜት ለካንቫስ የሚያወጣው ኮድ ግን የሚሠራው በኢዝልጄኤስ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነው፤ እዚያ ቆጠራው ከ0 ይነሳል። አኒሜት ራሱ ዝግጁ የኮድ ቁራጭ ሲያስገባ በማብራሪያው መስመር ላይ ይህንኑ ይጽፋል። የሚያደናግረው፣ ፍሬሞቹ በተራ የሚታዩበት የታይምላይኑ ፓነል በካንቫስ ፋይልም ቢሆን ከ1 መቁጠሩ ነው።

የሰጠሁትን የጀበና ምሳሌ እንየው። ሲኒው ሞልቶ የሚቆመው በታይምላይኑ 10ኛ ፍሬም ላይ ነው፤ በ11ኛው ቡናው ይፈሳል። በካንቫስ 10 ብላችሁ ስትጠሩት የሚመጣው 11ኛው ነው። ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሶ ታገኙታላችሁ! መጻፍ ያለበት 9 ነው። ኮዱ ምንም የስህተት መልእክት ስለማያወጣ ጥፋቱ ቶሎ አይታይም።

ምክሬን ተከትላችሁ ፋይል የቀየራችሁ ካላችሁ፣ ከእያንዳንዱ የፍሬም ቁጥር ላይ 1 ቀንሱ። ፍሬሙን በስም፣ ማለትም በሌብል የምትጠሩ ከሆነ ግን ምንም መንካት አያስፈልግም። እንደኔ እንደኔ ከመጀመሪያውም ሌብል ይሻላል፤ መሀል ላይ ፍሬም ብትጨምሩ እንኳ ቁጥር ፍለጋ አትባዝኑም።

አኒሜሽኑን ስለሚያስኬዱትና ስለሚያቆሙት የፕሌይ እና የስቶፕ ትእዛዞች የጻፍኩት እንዳለ ነው። የቀድሞውንም ጽሑፍ አርሜዋለሁ።